ማዮ ውስጥ «ይሮጥ የለም እንዴ?» ያልኳት እናት

ካርቱም በነበርኩባቸው ዓመታት ማዮ እመላለስ ነበር። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከዳርፉር፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ ሱዳን የተፈናቀሉ ሰዎች የሰፈሩበት፣ ውሃ በአህያ ጋሪ የሚሸጥበት የጭቃ ቤቶች ሰፈር ነው። ሻይ የምትሸጥ ወዳጅ ነበረችኝ። አንድ ቀን የሦስት ዓመት ልጇን አተኩሶት፣ ጉሮሮውን አሞት ሲያስታውክ አገኘሁት። «ሸለል ይሆን?» አለችኝ። ፖሊዮን፣ እኛ የልጅነት ልምሻ የምንለውን፣ እነሱ ሸለል ነው የሚሉት። «ይሮጥ የለም እንዴ? ሸለልማ እግር ነው የሚይዘው» አልኳት። በሁለት ቀን ተሻለው፤ እኔም ረሳሁት።

መልሴ ስህተት ነበር። ልጁ ፖሊዮ ይዞት ነበር ማለቴ አይደለም፤ የልጅ ትኩሳት ብዙ ምክንያት አለው። ስህተቱ መሮጡን ማስረጃ ማድረጌ ነው። ቫይረሱ ከያዛቸው 100 ልጆች 70 ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። 25 ገደማ የሚሆኑት እንደዚያ ልጅ ያተኩሳቸዋል፣ ያስታውካቸዋል፣ ይሻላቸዋል። ጥቂቶቹ አንገታቸው ይገተራል። እግሩ የሚዝለው ከ200 አንዱ ገደማ ነው፤ በሁለተኛው ዓይነት ቫይረስ ደግሞ ከ2,000 አንዱ ገደማ። በቅርብ ዓመታት ሱዳንንም ኢትዮጵያንም ያስቸገረው ይኸው ሁለተኛው ነው፤ በቂ ልጆች ባልተከተቡበት ቦታ በክትባት ጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ተለውጦ የሚነሳ። ስለዚህ አንድ ልጅ እግሩ ዛለ ሲባል፣ በሰፈሩ ብዙ መቶ ምናልባትም ከዚያ በላይ ልጆች እየሮጡ፣ እየተጫወቱ ቫይረሱን ተሸክመዋል ማለት ነው።

እነዚህን ልጆች ዓይቶ መለየት አይቻልም። የሚናገረው ሰገራቸው ነው። ቫይረሱ አንጀት ውስጥ ስለሚራባ ምንም ያላመመው ልጅ እንኳ ለሳምንታት ያስወጣዋል። ቤተ ሙከራው ቫይረሱን በሕዋስ ላይ ያሳድገዋል፤ ከዚያ የዘር ቅንጣቱን ያነባል። የሚያነበው ክፍል በዓመት አንድ በመቶ ያህል ስለሚለወጥ፣ ቫይረሱ ሳይታይ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይታወቃል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው።

ፍሳሽም ይናገራል። በ2013 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) እስራኤል ውስጥ ራሃት በምትባል ከተማ አንድም ልጅ ሳይዝል ፖሊዮ በፍሳሽ ውስጥ ተገኘ። ከ2023 መጨረሻ እስከ 2024 መጀመሪያ ከፖርት ሱዳን በተወሰዱ የፍሳሽ ናሙናዎችም ሁለተኛው ዓይነት ተገኝቷል። ማዮ ግን የፍሳሽ መስመር የለውም፤ ያለው የጉድጓድ መጸዳጃ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ያለው ዘዴ የዛለውን ልጅ ቶሎ ማግኘት፣ ናሙናው ከዘገየም አብረውት ከሚጫወቱ ጤነኛ ልጆች ሰገራ መውሰድ ነው።

በኤፕሪል 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ታጣቂዎች የካርቱሙን ብሔራዊ የኅብረተሰብ ጤና ቤተ ሙከራ ያዙ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙናዎች ውስጡ እንዳሉ አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የማዮ ገበያ በድሮን ተመትቶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰዉ በድንበር ከተማዋ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲሸሽ ወዳጄን እየፈለግኩ ስንት ሰው ጠየቅኩ።

መተማን ያነሳሁት ድንበር ቫይረስ ስለማያቆም ነው። በ2005 ለአራት ዓመት ያህል ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ እንደገና የተያዘችው ከሱዳን በመጣ ቫይረስ ነበር። ለመጡት ፊታችንን እናዙር እያልኩ አይደለም፤ የእነሱም የእኛም ልጆች እኩል ይከተቡ ነው የምለው።

ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ ሳይመታ፣ ሳይወድቅ ድንገት ከዛለ፣ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለጤና ጣቢያ ንገሩ። ሰገራው መዛሉ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል። በረዶ ባለው ሳጥን ነው የሚሄደው። «ትናንት ሰጥተን አልነበር?» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ቫይረሱ በየቀኑ እኩል ስለማይወጣ ነው፣ በማግስቱም ስጡ።