ግንድ የሚያቅፍ ገመድ

መርካቶ ገመድ የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚያየው ውፍረቱንና ዋጋውን ነው። ዕቃ ለመጠፈር ይበቃል። ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ለሚቆርጥ ሠራተኛ ግን አይበቃም፤ ሕይወቱን የሚይዘው ውፍረቱ ብቻ ሳይሆን የገመዱ ዓይነትና አሠራሩ ነው። ርካሹ ፖሊፕሮፒሊን ፀሐይ ያደክመዋል፤ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማም ይቀልጣል። ገመድ ከገመድ ሲፋተግ ይሞቃልና ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሻላል። ቋጠሮም ራሱ ጥንካሬውን ይቀንሳል፤ አንዳንዱ እስከ ግማሽ ድረስ።

ሁለገብ የወገብ ገመድ ሁለት ጫፍ ይኖረዋል፦ አንዱ ግንዱን አቅፎ ሲይዝ ሌላው ከቅርንጫፉ በላይ ይተላለፋል፤ ሠራተኛው ለአፍታም ሳይታሰር አይቀርም። ርዝመቱን ለማስተካከል ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ ሲጫኑት የሚነክስ፣ ሲያላሉት የሚንሸራተት ቋጠሮ ያገለግላል። ሙከራው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ይጀመር፤ 100 ኪሎ የሞላ ኩንታል አንጠልጥሎ ቋጠሮው አለመንሸራተቱን ማየት ነው። ይህ ግን የመያዝ እንጂ የመውደቅ ፈተና አይደለም። ገመዱ ላልቶ ሳለ የወደቀ ሰው የክብደቱን ብዙ እጥፍ ያሳርፍበታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መወጠር አለበት።

«አባቶቻችን በባዶ እጅ ይወጡ ነበር» የሚል አይጠፋም። ደብረ ዳሞ ላይ ግን 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል በጠፍር የሚወጣውን ሰው መነኮሳቱ ወገቡን በሌላ ገመድ አስረው ከላይ ይስቡታል፤ ሁለተኛ ገመድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ውድ ነው ለሚሉትም፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ዛፍ የምታስቆርጡ ሁሉ፣ ገመዱን ግዙ፤ ሠራተኛውም ሳይፈትነው አይውጣ።