ድሃ ፊልም ስለምን ይወደዳል?

ነገሬን ከቆቦ ልጀምር። በልጅነቴ፣ በራያ ቆላ ሙቀት፣ በአንዲት የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ታጭቀን ከላስቲክ የተሠራ ጭራቅ እናይ ነበር። ጀርባው ላይ ስፌቱ ይታያል፤ እንስቃለን። ጥቂት ቆይቶ ያው ጭራቅ ያስጮኸናል። እንግሊዝኛውን በቅጡ የሚሰማ ስላልነበረ፣ ከፊት የሚቀመጥ አንድ ጎረምሳ ንግግሩን እንደመሰለው ይተረጉምልናል፤ ዛሬ ሳስበው የፊልሙን ግማሽ የሠራው እርሱ ነው።

በኡጋንዳ ይህ ሙያ ሆኗል። አይዛክ ናብዋና በካምፓላው የድሆች ሰፈር በዋካሊጋ የሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» (2010 እ.ኤ.አ.) የሚወደደው በተኩሱ ብቻ ሳይሆን፣ በፊልሙ ላይ እየተናገረ በሚቀልደው «ቪዲዮ ጆከር» ጭምር ነው። በእኛም አገር ተቀርጾ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት «ክራምብስ» (2015 እ.ኤ.አ.) ተራ የፕላስቲክ አሻንጉሊትን የጠፋ ዘመን ውድ ቅርስ አድርጎ ያሳያል።

ገንዘብ ያጠረው ፊልም ጉድለቱን መሸፈን ስለማይችል ቀሪውን ለተመልካቹ ይተዋል። ጥሩነቱ መጥፎነቱ ነው የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ በስንፍና የተሠራ ፊልም ያሰለቻል እንጂ አያስቅም። የላስቲኩ ጭራቅ ያሳቀን ሠሪው ከልቡ ሊያስፈራን ስለሞከረ ነው።

ከቪዲዮ ቤቱ በጨለማ ስንወጣ ከወደ ማሽላው ጅብ ይጮኻል። ሲያስቀን ያመሸው ተርጓሚያችን ያን ጊዜ ከፊት መሄድን እምቢ ይል ነበር።