ስለ አውቶሞቢል ሞተር መንተፋተፍ

ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ከ4ቱ አንዱ ሥራውን ሲተው፤ አውቶሞቢሉ ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገትም ሲገጥመው ይለግማል። ባለቤቱ ደንግጦ ወደ ጋራዥ ይቸኩላል፤ በግምት የሚለወጠውም ዕቃ የቤቱን የወር ቀለብ ይዞ ይሄዳል። እኛ ግን ገንዘብ ሳይወጣ አስቀድሞ የታመመው ሲሊንደር ይታወቅ እንላለን።

ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ፤ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየተራቸው በንጹሕ ጨርቅ ላይ መደርደር ነው። ጫፉ ደረቅና ቡናማ የሆነው ደኅነኛ ነው፤ ቤንዚን ያራሰው ወይም ጥላሸት የለበሰው ግን የተጠረጠረ ነው። ይህንኑ ጠርጎ፤ ከደኅነኛው ጋር ቦታ አለዋውጦ፤ ሞተሩን ጥቂት ማሠራት ይገባል። እንደገና ሲፈታ እርጥበቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከተገኘ፤ ጥፋቱ የካንዴላው ነውና ሌላ ዕቃ አይገዛም። በቀድሞው ሲሊንደር ከቀረ ግን ሽቦው እንዳልተሰነጠቀ ማየት፤ በአዳዲሶቹም መኪኖች ኮይሉን እንዲሁ አለዋውጦ መፈተን ነው። ካንዴላው ሲመለስ አስቀድሞ በጣት ይጠምዘዝ፤ የቀዳዳው ጥርስ ከተበላ ሞተሩን እስከ መክፈት ያደርሳልና።

ካንዴላውን ያራሰው ዘይት ከሆነ ጉዳዩ የመካኒክ ነው። እንዲሁ እያንተፋተፉ መንዳት ግን አይገባም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ በአዳዲስ መኪኖች ያለውን የጭስ ማጣሪያ ያቃጥላል፤ የርሱም ዋጋ ከካንዴላው እጅግ የበለጠ ነው።