ስለቱን ከመጨበጥ በፊት ዛፉን ማወቅ

በምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ ወረዳዎች ክረምቱ አልፎ የዕጣን ዛፎች ቅጠላቸውን ሲያራግፉ የዕጣን ሥራ ይጀመራል። ከጥቅምት አካባቢ እስከ ሰኔ መዳረሻ በሚዘልቀው በዚህ ወቅት፣ በመተማና በቋራ ጫካዎች አዲስ ገቢ ሠራተኛ ሙያውን የሚቀስመው ነባሩን ኋላ ኋላ እየተከተለ ነው።

ለማጁ በቅድሚያ የሚማረው የሚታለፈውን ዛፍ መለየት ነው። ግንዱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የቀጠነ ዛፍ አይነካም። የቁስሉም ብዛት በግንዱ ውፍረት ልክ መሆን አለበት። ቀጥሎ የእጅ ልክ ይመጣል። የመጀመሪያው ፍቅፋቆ እንደ ወረቀት የሚላጠውን የላይኛውን ቅርፊት በስሱ የሚያነሳ ብቻ ነው። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሠራተኛው ተመልሶ የደረቀውን ዕጣን ይለቅማል፤ የቁስሉንም ጠርዝ በጥቂቱ ያድሳል። ይህ በአንድ ወቅት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋገማል። ዕጣኑ ያለው በውስጠኛው ቅርፊት እንጂ በእንጨቱ ውስጥ ባለመሆኑ፣ ስለቱ እንጨቱን ሲነካ ዛፉ ይጎዳል እንጂ ምርት አይጨምርም። ክፍያው በኪሎ ሲታሰብና ለማጁ ያለ አሠልጣኝ ሲሰማራ ግን ይህ ሁሉ ይዘነጋል።

በኤርትራ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ያለ ዕረፍት ከሚቆስሉ ዛፎች ዘር የበቀለው ከ16 በመቶ በታች ሲሆን ካልተነኩት ግን ከ80 በመቶ በላይ ነበር። ያለ ፋታ የምትታለብ ላም ጥጃዋ እንደሚከሳ ለአርብቶ አደሩ መንገር አያሻም።

ይሁንና ጥፋቱ ሁሉ የስለቱ አይደለም። መተማን ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገና በ2004 ዓ.ም የታተመ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዛፎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። ያልተነኩ ዛፎችም እያለቁ ነው። ችግኝ በየዓመቱ ይበቅላል፤ ነገር ግን እሳትና ልቅ ግጦሽ ስለሚፈጁት ለተተኪነት አይደርስም። አዋቂውን ዛፍ ደግሞ ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛ ይጥለዋል። የሰሊጥ እርሻ መስፋፋትም ሌላው ጫና ነው።

እዚህ ላይ ነው ሙያው ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሌላ ጥቅም የሚኖረው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ከዛፍ ዛፍ የሚዞር ሠራተኛ፣ የጢንዚዛውን ቀዳዳም ሆነ የሰደድ እሳቱን ጅምር ከማንም ቀድሞ ያያል። ኮቴ ማንበብም በዚሁ ቆላ ዋጋ ያለው ዕውቀት ነው። በቋራ ወረዳ በሚገኘው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ በ2008 ዓ.ም የተረጋገጠው በካሜራ ምስልና በዱካ ነበር።

የዕጣን ዛፍ ከዘር በተጨማሪ ከወፍራም ቅርንጫፍ ቁራጭም ይራባል። ቁራጩ የሚተከለው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ጊዜውም የዕጣን ለቀማው የሚያበቃበት ወቅት በመሆኑ ሠራተኞቹ ገና ከጫካው አልወጡም።