በልጅነት የደረሰ በደል ከልጅ ጋር ያድጋል

በአዊ አገር ጥር የድግስ ወር ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ጠላው ይጠመቃል፣ ዳስ ይጣላል፣ ፈረስ ይጫናል። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በየመንደሩ የሠርግ ዘፈን ይሰማል። ደስ ይላል፤ እኛም ደስ ይለናል። ነገር ግን ዳስ ውስጥ ዓይኗ ተሸፍኖ የተቀመጠችው ሙሽራ ስንት ዓመቷ ነው? ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

እኛ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ከእናቶች ጋር እንጨዋወታለን። «በስንት ዓመትዎ ተዳሩ?» ብለን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ቁጥር አይጠሩም። ጥርሳቸው የተነቀለበትን ጊዜ፣ ጥጃ ይጠብቁ የነበረበትን ጊዜ ነው የሚነግሩን። በሚዜ ጀርባ ታዝለው ወደ ባል ቤት የሄዱም አሉ። ታዝላ የምትሄድ ሙሽራ እግሯ መንገዱን አልቻለውም ማለት ነው። ታዲያ ጎጆውን እንዴት ትችለው?

በልጅ ላይ የሚደርስ በደል ብዙ ዓይነት ነው። ልጅን በበርበሬ ጭስ ማጠን በደል ነው። አስሮ መግረፍ፣ በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ ጦሙን ማሳደር በደል ነው። ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለሰው ከብት ጠባቂ አድርጎ መስጠትም እንደዚያው። ጧት ማታ «የማትረባ!» እያሉ መስደብ ሰንበር አይተውም፤ ግን ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ዐዋቂ ሰው የልጅን ገላ ሲደፍር ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ደግሞ ከእነዚህ ብዙዎቹን ባንድ ጊዜ ይሰበስባል። ልጅቱ ከትምህርቷ ትቀራለች፣ ከዐቅሟ በላይ ትሠራለች፣ ሳትፈልግ ከወንድ ጋር ትተኛለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በምርቃትና በእልልታ ስለሆነ በደል አይመስልም።

ወላጅ ልጁን የሚድረው ጠልቷት አይደለም። ይህን እናውቃለን። «ዓይኔ ሳይጠፋ ዳሬ ልያት» ይላል። «ቆሞ ቀር ትባልብኛለች» ብሎ ይፈራል። ከደህና ቤተሰብ ጋር መዛመድ ይፈልጋል። ለዲያቆን ልጅ ድንግል ትፈለጋለች ተብሎ የምትሰጥም አለች። ወጪ መቆጠብም አለበት። ታላቂቱ ስትዳር ታናሺቱም በዚያው ዳስ፣ በዚያው ጠላ ትዳራለች። ለአባት አንድ ድግስ ተረፈለት። ለታናሺቱ ግን የቀረባት ስንት ዓመት ነው?

ነገሩ የእኛ መንደር ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው 100 ሴቶች ውስጥ 40ዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። 14ቱ ደግሞ 15 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

አሁን ጉዳቱን እንመልከት። መጀመሪያ በሰውነት ላይ የሚደርሰውን። የልጅ ዳሌ ገና አልሰፋም። ምጥ ሲመጣ የሕፃኑ ራስ መውጫ አጥቶ ይቀረቀራል። ምጡ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን የሽንት ፊኛ ከአጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱም ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ሌሊትና ቀን ይፈስሳታል። ይህ በሽታ ፌስቱላ ይባላል። ባል ይፈታታል፣ ጎረቤት ይሸሻታል፣ እሷም ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ታፍራለች። እርግማን ነው የሚሉ አሉ። እርግማን አይደለም። ምጥ በረዘመ ጊዜ ሐኪም ባለመድረሱ የመጣ ቁስል ነው። ትልልቅ ሴቶችንም ይይዛል። ሰውነቷ ያልጠነከረ ልጅ ግን ይበልጥ ትጋለጣለች።

ፌስቱላ መድኃኒት አለው። ሐምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን መጡ። በኋላም በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። ሚስቲቱ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኑሯቸው ከእነዚህ ሴቶች ጋር ነበር። ለእኛ ቅርብ የሆነው የባሕር ዳሩ ማእከል በ1997 ዓ.ም. ተከፈተ። ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው። እቤት ውስጥ ተደብቃ የምትኖር ሴት ካለች ይህን ንገሯት።

በልብና በአእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን አይታይም። ዘወትር የሚገረፍ ልጅ የአባቱን ኮቴ በሰማ ቁጥር ልቡ ይመታል። ሰውነቱ ሁልጊዜ እንደ ሸሸ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ትምህርት እንዴት ይገባዋል? ፊደሉን ቢያይም አይይዘውም። ሰነፍ ተብሎ እንደገና ይገረፋል! ሲያድግም ፍርሃቱ አይለቀውም። በአሜሪካ አገር ሐኪሞች ብዙ ሺህ ዐዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር፤ ውጤቱም በ1990 ዓ.ም. ታተመ። በልጅነታቸው አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት በደልና የቤት ችግር የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ተነጻጸሩ። በመጠጥ የመጠመድ፣ በጭንቀት የመታመምና ራስን ለመግደል የመሞከር አደጋቸው ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የልብና የሳንባ በሽታም በእነሱ ላይ ይበዛል። ይህ ማለት ግን የተበደለ ልጅ ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። የሚያምነውና የሚያዳምጠው አንድ ደህና ዘመድ ወይም መምህር ያገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ ይድናል።

ጉዳቱ ለአገርም ይተርፋል። በ14 ዓመቷ የምትወልድ ልጅ ራሷ ገና እያደገች ነው። ሕፃኗም ክብደቱ ቀሎ ይወለዳል። ከባሏ ቤት ብትሸሽ አባቷ መልሶ ይወስዳታል ብላ ትፈራለች፤ ስለዚህ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ትኮበልላለች። እዚያም በሰው ቤት ሠራተኛ ትሆናለች፣ ወይም ጎዳና ላይ ትወድቃለች። በዱላ ያደገውም ልጅ በተራው ሚስቱን ይመታል። ነርስና መምህርት ሊሆኑልን የሚችሉ ልጆች እንዲህ ሆነው ይቀራሉ።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ይህ ቀርቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ብሎ ወሰነ። አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ፤ ዕድሜው ያው 18 ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ ልጅ የሚያገባውን ሰው ይቀጣል። ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናት እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የቀድሞው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ይምረው ነበር፤ ያም ቀርቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ እንዳይገረፉ ይከለክላል።

ሰው ግን ዘዴኛ ነው። ሠርጉን ተዝካር ነው፣ ማኅበር ነው ብሎ የሚደግስ አለ። ዕድሜ ይመርመር ሲባል ታላቅ እኅቷን በእሷ ስም ወደ ሐኪም የሚወስድም አለ። በዚህ የሚታለለው ሐኪሙ ነው፤ የሚጎዳው ግን የልጅቱ ማሕፀን ነው።

በሌላ መንገድ የሞከሩም አሉ። በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በምትባል የገጠር ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሄዋን» የሚባል ሥራ ተሠርቶ ነበር። ለልጃገረዶች ደብተርና እርሳስ ተሰጠ። ከትምህርት የቀሩት በቡድን ተሰብስበው ፊደል ተማሩ። የቀበሌው ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ጋብቻ ተነጋገረ። ልጁን ሳይድር የቆየ ቤተሰብ በመጨረሻ የሚረባ እንስሳ በአደባባይ ተሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች በትምህርት ቤት ቆዩ፣ ጋብቻውም በጣም ቀነሰ። ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። እነሱ ይዳሩ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ዓመት ማዘግየት ተቻለ እንጂ 18 ድረስ አልተደረሰም። ሆኖም በ12 ዓመትና በ15 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ለልጅቱ ሰውነት ትንሽ አይደለም።

በጎረቤታችሁ የልጅ ሠርግ እየታሰበ ከሆነ ለመምህሯ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ንገሩ። ጠላው ከመጠመቁ በፊት ቢሆን ይሻላል። ከተደገሰ በኋላ ሽማግሌውም ያፍራል፣ አባትም እልህ ይይዘዋል።

ዕድሜዋን ለማወቅ የክትባት ካርዷን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የተወለደችበት ቀንና ዓመት ካርዱ ላይ ተጽፏል። እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው ነበር የምታስነብቡት፤ አሁን እናንተው አንብቡት። የተወለደችበትን ዓመት ከዘንድሮው ዓመት ላይ ቀንሱ። ቁጥሩ ከ18 ካነሰ ካርዱን ይዛችሁ ወደ አባቷ ሂዱ።