ሮዝ ኳርትዝ፦ ቀለሙም ጭጋጉም ከአንድ ክር

ሮዝ ኳርትዝ ከጌጥ ድንጋዮች ሁሉ ዋጋው ረከስ ከሚሉት አንዱ ነው። አንድ ዶቃ አንስተው ወደ መብራት ቢያዩት ብርሃን ያስገባል እንጂ ማዶውን አያሳይም፤ ውስጡ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። ገዢ እንደ ጉድለት ያየዋል። የድንጋዩ ነገር ሁሉ ያለው ግን እዚያ ጭጋግ ውስጥ ነው።

ኳርትዝ ሲሊከንና ኦክስጅን ነው። የእኛው የደላንታ ኦፓልም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ኦፓል ውሃ ያዘለ መሆኑና አተሞቹ እንደ ኳርትዝ ሥርዓት ይዘው አለመደርደራቸው ነው። ሮዙ ኳርትዝ የሚወጣው ፔግማታይት ከሚባል ዓለት እምብርት ነው። ከመሬት በታች ግራናይት የሚሆነው ቅልጥ ዓለት ቀዝቅዞ ሊያበቃ ሲል ውሃ የበዛበት ትርፍ ፈሳሽ ይቀራል። ያ ፈሳሽ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲረጋ ፌልድስፓርና ማይካ ዳር ዳሩን ይይዛሉ፣ መሃሉን ኳርትዝ ይሞላዋል። ስለዚህ ሹል ጫፍ አውጥቶ ሳይሆን እንደ ቋጥኝ በጅምላ ይገኛል። ብራዚልና ማዳጋስካር በዚህ የታወቁ ናቸው።

ቀለሙ ከየት መጣ? ታይታኒየም ነው፣ ማንጋኒዝ ነው ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ሌላ ነገር አሳየ። ድንጋዩን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲነክሩት ኳርትዙ ሟሟ፤ ከሥር ግን ከማይክሮን የቀጠኑ ክሮች ቀሩ፣ ክሮቹም ሮዝ ነበሩ። ዱሞርቲየራይት ለተባለው ማዕድን የቅርብ ዘመድ ናቸው። ቀለሙን የሰጡትም፣ ብርሃኑን በትነው ያጨገጉትም እነሱ ናቸው። ክሮቹ አቅጣጫ ይዘው በተሰለፉበት ድንጋይ ላይ ደግሞ፣ ጉልላት ተደርጎ ከተሞረደ፣ በአምፖል ሥር ስድስት ጨረር ያለው ኮከብ ይታያል።

ጥርት ያለ ሮዝ ክሪስታልም አለ፤ በዋናነት ከብራዚል ሚናስ ዤራይስ የሚመጣ ብርቅ ነገር ነው። የእሱ ቀለም ግን ከአሉሚኒየም፣ ከፎስፈረስና ከተፈጥሮ ጨረራ የመጣ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ይለቃል።

ጭጋጋም ድንጋይ እንደ አልማዝ ገጽታ በገጽታ ቢቆረጥ አያብለጨልጭም። ስለዚህ ዶቃ፣ ድብልብል ፈርጥ፣ ቅርጻ ቅርጽ ይሆናል። አሁን አሁን የፊት ማሻሻ ሮለርም ሆኗል። ፍቅር ይስባል፣ ይፈውሳል የሚለው የሻጭ ወሬ ነው፤ ማስረጃ የለውም።

መስታወት ሮዝ ኳርትዝ ተብሎ ይሸጣል። በሞዝ መለኪያ የኳርትዝ ጥንካሬ 7 ስለሆነ መስታወትን ይጭራል፤ ግን የትኛው ሻጭ ዕቃው ሲጫር ዝም ብሎ ያያል? በአጉሊ መነጽር ማየቱ ይቀላል፦ ክብ ክብ የአየር አረፋ ካለበት መስታወት ነው።