እንግሊዝኛን በፕሮጀክት ማስተማር፦ እውነት ወይስ ተረት?

በአገራችን ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይጠብቁታል። ለዓመታት እንግሊዝኛ ተምሮ እንኳ አንድ አንቀጽ መጻፍ የሚቸግረው ብዙ ነው። በፕሮጀክት ማስተማር እንደ አንድ መፍትሔ ሲነሳ ግን አራት ተረቶች ተከትለው ይመጣሉ።

ተረት 1፦ "ፕሮጀክት ምዕራፉ ሲያልቅ የሚሰጥ የቤት ሥራ ነው።"

እውነቱ፦ ተገልብጦ፣ ሽፋኑ አምሮ የሚገባው ወረቀት አሳይንመንት ነው። በፕሮጀክት ሲማሩ ግን ሥራው ራሱ ትምህርቱ ነው። የጎንደር ተማሪዎች ስለ ፋሲል ግንብ ለውጭ አገር ጎብኚ የሚታደል አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁ እንበል። ማንበቡ፣ አስጎብኚ መጠየቁ፣ መጻፉና ማረሙ በክፍለ ጊዜው ውስጥ ይካሄዳል።

ተረት 2፦ "ሰዋስው ይዘነጋል።"

እውነቱ፦ ሰዋስው እንዲያውም ሥራ ያገኛል። አንዷ ተማሪ "ዚስ ካስል ቢልት ባይ ፋሲለደስ" ብላ ብትጽፍ "ወዝ" ጎድሏል። መምህሩ ሥራውን ለ10 ደቂቃ አስቁሞ ፓሲቭ ቮይስን ያስረዳል። የቀዳማዊ ኢያሱና የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች ተራ ሲደርስ ያው ሕግ ተመልሶ ይመጣል፤ ተማሪዋም አሁን ለምን እንደሚያስፈልጋት ታውቃለች።

ተረት 3፦ "በቡድን ከተቀመጡ የሚያወሩት በአማርኛ ነው።"

እውነቱ፦ ግማሹ ልክ ነው። ሥራ ሲከፋፈሉ በአማርኛ ቢነጋገሩ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው እንግሊዝኛው ለአንድ ጎበዝ ተማሪ ሲተው ነው። እያንዳንዱ የራሱን አንቀጽ ይጻፍ፤ አቅራቢው ደግሞ በዕለቱ በዕጣ ይለይ። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ይለማመዳል።

ተረት 4፦ "ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ለሌለው ትምህርት ቤት አይሆንም።"

እውነቱ፦ አሜሪካዊው ዊልያም ኪልፓትሪክ ስለ ፕሮጀክት ዘዴ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው፤ ኮምፒውተር ገና አልተሠራም ነበር። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የሚጠየቅ ሰው ካለ ይጀመራል። የሚከብደው የተማሪው ብዛት ነው። 60 ተማሪ አምስት አምስት ሆኖ ሲከፈል 12 ቡድን ይወጣዋል፤ የ12ቱን ረቂቅ በአንድ ጊዜ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ቡድኖቹ በመጀመሪያ እርስ በርስ ይተራረሙ፤ መምህሩ በየክፍለ ጊዜው ሦስት ሦስቱን ይይ። በሴሚስተር አንድ ፕሮጀክት ይበቃል።